ድንጋይ ጨው አይቀምስም

ላ ፒንታዳ፣ ማርች 10 ቀን 1996

ለተማረችው የእህቴ ልጅ ለሚሬያ፣

እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ አራት ገጽ ሙሉ ስለ ድንጋይ የምትጽፍ ሰው ደህና ናት። እናትሽ ኤልባ ግን ደብዳቤሽን ሳነብላት «ምግብስ ትበላለች?» ብላ አቋረጠችኝ። ስለ ምግብ አንዲት ቃል አልጻፍሽም። እኔም «ሥጋና ድንች በሾርባ በየቀኑ እበላለሁ፤ ጉንጬም ሞልቷል» ብዬ ከራሴ ጨምሬ አነበብኩላት። ስለዚህ ለገና ስትመጪ ጉንጭሽን ሞልተሽ ነይ፤ እንዳታዋርጂኝ።

ወደ ጥያቄዎችሽ ልምጣ። ትንሿ ክምር እንዳዘዝሽው ተሠርታለች። ከሥር ወፍራም ፕላስቲክ፣ በላዩ አየር የሚነፋባቸው ቱቦዎች፣ ከዚያ ከወይራ ፍሬ ያልበለጠ የደቀቀ ቢጫ የመዳብ ድንጋይ፣ ከአናቷ ላይ ጠብ ጠብ የሚያደርጉ ቀጫጭን ቱቦዎች። ቁመቷን ጠይቀሻል፤ እኔ ባርኔጣዬን አድርጌ ብቆምና ዶን አብዶን ትከሻዬ ላይ ቢወጣ ነው። አልሞከርነውም፤ የማዕድን ማኅበራችንን ሊቀመንበር ተሸክሞ መቆም ለወገቤ አይሆንም።

ዘሩንም ቀድቻለሁ። በአሮጌው ዋሻ ግድግዳ ላይ የሚንጠባጠበውን ቀይ ውሃ በሁለት በርሜል ሞልቼ አፈሰስኩባት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር፣ ከሥሯ የወጣውን ውሃ በመጀመሪያው ጠርሙስ ሞልቼ ለአውቶቡሱ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። «ምንድን ነው?» ቢለኝ «የአማት እንባ» አልኩት፤ አልከፈተውም።

ታምናለህ ወይ ላልሽኝ እውነቱን ልንገርሽ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አረንጓዴውን ድንጋይ ሳጥብ ኖሬያለሁ። አሲድ ታፈሺበታለሽ፣ በጥቂት ሳምንት እንደ ስኳር ይሟሟል፣ ውሃውን በአሮጌ ብረት ላይ ታሳልፊዋለሽ፣ ብረቱ መዳቡን ልብስ አድርጎ ይለብሰዋል። ቢጫው ግን ድኝ ያለበት ነውና በአሲድ ይስቃል። አሁን አንቺ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ድኙንና ብረቱን እየበሉ መዳቡን ይለቁታል ትያለሽ። እኔ «ተከራዮቼ» ብያቸዋለሁ። ዶን አብዶን ትናንት መጥቶ «ሩዴሲንዶ፣ የማይታይ ሠራተኛ ቀጠርክ አሉ» አለኝ። «አዎ፣ ካንተ ልጆች ይሻላሉ፤ ምሳ አይጠይቁም» አልኩት።

በቀልድ አትያዥው እንጂ ነገሩ ከባድ ነው። አረንጓዴው ድንጋይ እያለቀ ነው። የማኅበሩ አሥራ ዘጠኝ ቤተሰብ እያንዳንዱ ከጉድጓዱ ያወጣውን ቢጫ ድንጋይ በሩ ላይ ከምሮ ይጠብቃል። ወይ ሩቅ ላለው የድንጋይ ወፍጮ በሰጠን ዋጋ እንሸጠዋለን፣ ወይ እንደ ትንሿ ያለ ትልቅ ክምር ሠርተን ራሳችን መዳቡን እናወጣለን። በኦገስት፣ በቅዱስ ሎሬንሶ በዓል ማግስት ድምፅ ይሰጣል። የሚታየውም አንቺ ከጠርሙሶቹ የምታወጪው ቁጥር ነው። ላንቺም የመመረቂያ ጽሑፍሽ እንደሆነ አልረሳሁም። ስለዚህ ክምሯን እንደ ሕፃን ነው የምይዛት።

አጎትሽ ሩዴሲንዶ

—

አንቶፋጋስታ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1996

አጎቴ ሩዴ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ፈተና ላይ ነኝ። ጉንጬን በተመለከተ እናቴን በአስቸኳይ ማስተካከል ያለብህ አንተ ነህ፤ የምበላው ዳቦና ሻይ ነው።

«ሞቱ ወይስ አሉ?» ለሚለው ጥያቄህ መልሱ አሉ ነው። ሁለተኛውን ጠርሙስ በማጉያ መነጽር ሳየው እንደ ገበያ ቀን ይተራመሳሉ። መዳቡ በመጀመሪያው ጠርሙስ በሊትር 0.4 ግራም ነበር፤ በሁለተኛው 0.9 ሆኗል። ፕሮፌሰሩ ሁለት ጊዜ አየውና ምንም አልተናገረም። ለእሱ ይህ እልልታ ነው።

ውሃውን ጠይቀኸኛል። ከአሮጌው ዋሻና በቦቴ ከሚመጣው ውሃ ሌላ አትጨምርባት። ምክንያቱን ረጋ ስል እጽፍልሃለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለእናቴ ግን እንዳትነግራት። ቁጥሩ በጁንና በጁላይ እየጨመረ ካልሄደ ፕሮፌሰሩ ሌላ ርዕስ ይሰጠኛል፤ ያን ጊዜ ዓመቱ ያልፍና የነፃ ትምህርቱ ዕድል ይቋረጣል። ከዚያ ወዲያ እዚህ የሚያቆየኝ ነገር የለም። ስለዚህ ተከራዮችህን አደራ።

ሚሬያ

—

ላ ፒንታዳ፣ ጁን 16 ቀን 1996

ለእህቴ ልጅ፣

ጠርሙሱ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሹፌሩን አትውቀሺው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። የሜይን ጠርሙስ ጨርሶ ያልላክሁት ወገቤን አሞኝ ስለነበር ነው። አሁን ድኛለሁ። ፍየል ጠባቂዋ ሱኒልዳ ከቻኛር ዛፍ ፍሬ የተቀቀለ ማር ሰጠችኝ፤ ለሳል እንጂ ለወገብ እንደማይሆን ብነግራት «አንተ ዝም ብለህ ጠጣ፤ የት እንደሚሄድ ማሩ ያውቃል» አለችኝ።

ክምሯ እንዴት ናት ላልሽው፣ ደህና ናት። ቀለሙን ታዪዋለሽ፤ ከበፊቱ ሰማያዊ ነው።

ድርቁን ከየት ሰማሽ? አዎ፣ የገደሉ ምንጭ ደርቋል። የሱኒልዳ ፍየሎች ወደ መንደር ስለወረዱ ውሃ ሰጥተናቸዋል። አገሩን ታውቂዋለሽ፤ እዚህ ውሃ የጠየቀ አይመለስም። ሌላ የምጽፈው የለኝም። እናትሽ ደህና ናት፣ ዶን አብዶን ደህና ነው፣ ውሻው ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነ ሰው ፈልጌ አጣሁልሽ።

አጎትሽ

—

አንቶፋጋስታ፣ ጁላይ 14 ቀን 1996

አጎቴ፣

የጁን ጠርሙስ 1.8 ግራም፣ የጁላዩ 2.4 ሆነ። ፕሮፌሰሩ በክፍሉ ፊት ስሜን ጠራ። ዶን አብዶን በጠየቀኝ መሠረት ቁጥሩን በወረቀት ላይ አድርጌ፣ ፈርሜ ለማኅበሩ ልኬያለሁ።

ደስ አላለሽም ወይ ብለህ ትጠይቀኛለህ። ብሎኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ተረጋግተህ መልስልኝ። በክምሯ ላይ የተለወጠ ነገር አለ? ቱቦ ተበጥሶ ይሆን? የአየር መንፊያው ቆሞ ይሆን? ማንም አይቆጣህም። የተለወጠ ነገር ካለ ከኦገስት በፊት ብትነግረኝ እወዳለሁ። ከሌለም የለም በለኝ።

ሚሬያ

—

ላ ፒንታዳ፣ ኦገስት 18 ቀን 1996

ለሚሬያ፣

የለም።

በዓሉ እንዴት ዋለ ብለሽኛል። ቅዱስ ሎሬንሶን በትከሻ ተሸክመን እስከ ዋሻው አፍ ወሰድነው። ጨፋሪዎቹ ከሸለቆው መጡ። ኤልባ ሥጋ የተሞላ ሁለት መቶ ኤምፓናዳ ጋገረች፤ መቶ ዘጠና ዘጠኙ አለቀ፣ አንዷን እኔ ደብቄ ነበር። በማግስቱ ስብሰባ ሆነ። ዶን አብዶን የፈረምሽበትን ወረቀት ከፍ አድርጎ ይዞ «ይህ የኤልባ ልጅ እጅ ነው። እዚሁ አቧራችን ላይ ዳዴ ያለች ናት» አለ። ሰው አጨበጨበ። እናትሽ አላጨበጨበችም፤ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ነበር።

አሥራ ስምንት እጅ ወጣ። አሥራ ዘጠነኛው የኔ ነበር፤ ባርኔጣዬ ወድቆ እያነሳሁ ነበር አልኳቸው።

ድንጋዩን ከየበሩ ማጋዝ ተጀምሯል። እስካሁን ምንም አልተበላሸም፤ አሲድ እስካልነካው ድረስ ወፍጮው አሁንም ይገዛል። አሲድ ከነካው ግን ወፍጮው አይቀበለውም። ይህን የምጽፍልሽ እንዲሁ ነው። አንቺ የተማርሽ ነሽና «አንድ ዓመት ብትጠብቁ ይሻላል» ብለሽ ለዶን አብዶን ብትጽፊለት ይሰማሻል። እኔ ብነግረው «አርጅተህ ፈራህ» ይለኛል።

እስቲ አስቢበት።

አጎትሽ

—

አንቶፋጋስታ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1996

አጎቴ፣

ምን ምክንያት ልስጣቸው? «ጠብቁ» ብዬ ስጽፍ «ለምን?» ይሉኛል። ምክንያቱን ስጠኝ፣ በዚያው ቀን እጽፋለሁ።

እየጠበቅሁህ ነው።

ሚሬያ

—

ላ ፒንታዳ፣ ኦክቶበር 13 ቀን 1996

ሚሬያ፣

ሰኞ ዕለት አሲዱ ተለቀቀ።

ይህን ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን አልቀድም። ምክንያቱን ጠይቀሽኛል፤ እነሆ።

ሜይ ውስጥ ምንጩ ሲደርቅ ሱኒልዳ ስልሳ ፍየሎቿን ነድታ ወደ ክምሯ መጣች። በርሜሎቹ ውስጥ የነበረው ጨው የሌለበት ጣፋጭ የቦቴ ውሃ የሦስት ሳምንት ነበር። «ሩዴ፣ ድንጋይህ ይጠጣል፣ ፍየሎቼ ይሞታሉ?» አለችኝ። «ድንጋዩ የኔ አይደለም፣ የሚሬያ ነው» አልኳት። «ታዲያ ሚሬያ ብትኖር ምን ትላለች?» ስትለኝ በርሜሎቹን ከፈትኩ። አጠጣናቸው። እስከ ጭቃው ላሱት። አንዷ ግልገል የባርኔጣዬን ጠርዝም በላችው።

ክምሯ ሦስት ሳምንት በደረቅ ልትቆም አልቻለችም። ከጨው ሜዳው ጉድጓድ ቀድቼ ሰጠኋት። ከአሮጌው ዋሻና ከቦቴው ሌላ አትጨምር ብለሽኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርሽኝም። እኔም ሠላሳ ዓመት አረንጓዴውን ድንጋይ በዚያው ጉድጓድ ውሃ ሳጥብ አንድ ቀን እንኳ ከፍቶት አያውቅም። ድንጋይ ጨው አይቀምስም ብዬ አሰብኩ። በውስጡ ያሉት እንደሚቀምሱ አላሰብኩም።

በአሥር ቀን ከሥር የሚወጣው ውሃ ገረጣ። በሃያ ቀን መታጠቢያ ውሃ መሰለ። ተከራዮቹ አልቀዋል። ከዚያ በጣፋጭ ውሃ ላጥባት ሞከርኩ፣ ከዋሻው አዲስ ዘር ጨመርኩባት፤ አልመለስ አሉ። ጨው ከደቀቀ ድንጋይ ቶሎ አይወጣም።

ይህን በሜይ ብነግርሽ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልሽ ነገር አይኖርም ነበር። ዓመቱ ያልፍና የትምህርቱ ዕድል ይቋረጣል ያልሽው ጆሮዬ ላይ ቀረ። እነዚያ ፍጥረታት በአንድ ወር ያገግማሉ፣ እስከዚያ ልጅቷን ለምን አስደነግጣታለሁ አልኩ። ደግሞ አፍሬ ነበር፤ እሱንም ቁጠሪው። የወይን ገበሬዎች ለሻጋታ የሚረጩት ሰማያዊ ጨው አለ፤ መዳብ መሆኑን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሸለቆው ሱቅ አንድ ከረጢት ገዛሁ። ነፍስ ያለው እንዲሆን ከአሮጌው ዋሻ ቀይ ውሃ ቀዳሁ፤ በሻይ ማንኪያ እየለካሁ ጨመርኩበት። የጁኑን ጠርሙስ እንዲህ ሠራሁት። ለጁላዩ ማንኪያውን ትንሽ ቆለል አደረግሁት። የኦገስቱንም፣ የሴፕቴምበሩንም። እንደ ቀልድ ነበር የጀመርኩት። በሕይወቴ ብዙ ሰው አሹፌበታለሁ፤ ሁሉም መጨረሻው ሳቅ ነበር።

የከፋው ገና ነው። ክምሯን በጨው ጉድጓድ ውሃ ሳጠጣ መንደሩ ሁሉ አይቶኛል። ከዚያ ያንቺ ወረቀት 2.4 ብሎ መጣ። ዶን አብዶን በስብሰባው ላይ ምን አለ መሰለሽ? «ቦቴ ምን ያደርግልናል? የሩዴ ክምር የጨውን ውሃ ጠጥታ ይኸው ወፈረች። ለትልቁም ጉድጓዱ ይበቃል» አለ። አየሽ፣ ቁጥሩ ባይኖር ያንን ውሃ ማንም አያምነውም ነበር። አሁን አሥራ ዘጠኝ ቤተሰብ ያወጣው ድንጋይ በአንድ ላይ ተቀላቅሎ፣ አሲድ ጠጥቶ፣ የጨው ውሃ እየተንጠባጠበበት ነው። ማንም የራሱን ለይቶ አያወጣውም።

እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ ካንቺ ደብዳቤ ይመጣና ያስቆማቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ቧንቧው ሲከፈት ጎኑ ቆሜ ነበር። አላስቆምኩትም።

ሩዴሲንዶ

—

አንቶፋጋስታ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 1996

አጎቴ፣

በመጨረሻ ስለጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ። ቁጣ ጠብቀህ ይሆናል። ልቆጣህ ፈልጌ ነበር፤ መብቱ የለኝም።

የጁንን ጠርሙስ በመረመርኩበት ቀን አውቄያለሁ።

በጃንዋሪ ለእረፍት መጥቼ ከአሮጌው ዋሻ ውሃ በእጄ ቀድቼ ለክቼ ነበር። ብረቱ፣ ዚንኩ፣ ማንጋኒዙ ስንት እንደሆነ ደብተሬ ላይ አለ። የጁኑ ጠርሙስ ያው ውሃ ነው። ምንም ልዩነት የለውም፤ ልዩ የሆነው መዳቡ ብቻ ነው። በድንጋይ ውስጥ ያለፈ ውሃ የድንጋዩን ነገር ይዞ ይወጣል። ይህ ግን ከዋሻው ወጥቶ ያገኘው ሰው ብቻ ነው። ያንተ እጅ እንደሆነ ገባኝ፤ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ጨው መሆኑን አላወቅሁም። ክምሯ አንድ ነገር እንደሆነች ግን አውቄያለሁ። እያወቅሁ 1.8 ብዬ ጻፍኩ፣ እያወቅሁ 2.4 ብዬ ፈረምኩ። ለምን ትለኛለህ? ፕሮፌሰሩ ስሜን ጠራ፤ እናቴን አሰብኳት፤ ዳቦና ሻዩን አሰብኩ። «አጎቴ ራሱ ይናገራል፣ እስከዚያ ልቆይ» አልኩ። በጁላይ የጠየቅሁህ አንተ እንድትናገር ነው። በሴፕቴምበር «ምክንያቱን ስጠኝ» ያልኩህም ለዚያው ነው። አንተ እኔን ጠበቅህ፣ እኔ አንተን ጠበቅሁ፣ ድንጋዩ መሃል ላይ ቀረ።

«ምክንያቱን ረጋ ስል እጽፋለሁ» ብዬህ ነበር፤ ስለ ውሃው። አልጻፍኩም። ጨው እነዚያን ፍጥረታት እንደሚገድል በአንድ መስመር መጻፍ እችል ነበር። ለእኔ ግልጽ ስለሆነ ላንተም ግልጽ መሰለኝ።

አሁን አንድ ነገር ቶሎ አድርግ፤ የጨው ውሃውን አስቁማቸው። ከዚያ የተረፈ ነገር ካለ አብረን እናያለን። ይኖራል ብዬ ግን አልዋሽህም።

ሚሬያ

—

ላ ፒንታዳ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 1996

የኔ ልጅ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ ለማንም አላሳየሁም።

ውሃው ቆሟል። ሰው እንዴት ሆነ ላልሽኝ፣ ስብሰባውን ራሴ ጠርቼ ከሰማያዊው ጨው እስከ ማንኪያው ሁሉንም ተናገርኩ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። አንዱ ከኋላ «በእኔ ድንጋይ ውስጥ ወንድሜ ሁለት ጣቱን ጥሎበታል» አለ። ለእኔ ሳይሆን ለአጠገቡ ሰው ነው የተናገረው። ሌላው ወጥቶ ወደ ክምሩ ሄደ፤ ከዳሩ አንድ ድንጋይ አንስቶ ገለባበጠው፣ የማን እንደሆነ ስላላወቀ መልሶ ጣለው።

ከሸለቆው ወፍጮ ሰው አስመጥተን ነበር። የክምሩን ዝቃጭ በጣቱ ነካና «ይህን ማንም አይገዛችሁም» ብሎ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። ጣፋጩ ውሃ ያንን ሁሉ ጨው ለማጠብ ዓመታት ይፈጃል፤ ቦቴውም ለሰው ብቻ ነው የሚመጣው።

ዶን አብዶን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ሩዴ፣ ልጅቷ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አታውቅም» አልኩት።

«ማልልኝ።»

«በቅዱስ ሎሬንሶ።»

እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገና «እሷ እንኳ ተረፈች» አለ። እናትሽ አጠገቡ ቆማ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ይሁን። እኔ ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ውሸታም ሽማግሌ መሆን ከባድ ሥራ አይደለም፣ ልምዱም አለኝ። አንቺ ተታለልሽ። ለፕሮፌሰሩም እንዲሁ በይው፤ አጎቴ አታለለኝ፣ አዲስ ርዕስ ስጠኝ በይ። ይህን ብቻ አድርጊልኝ። ከዚህ ሁሉ ድንጋይ አንዲት ነገር ትውጣልኝ።

አጎትሽ ሩዴሲንዶ

—

አንቶፋጋስታ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1996

አጎቴ፣

ይቅርታ አድርግልኝ። ያልከውን አላደርገውም።

ማክሰኞ ለፕሮፌሰሩ ነገርኩት። ጽሑፉ ተሰርዟል፤ የትምህርቱም ዕድል ቀርቷል። እስከ ዓመቱ መጨረሻ በቤተ ሙከራው ውስጥ ብርጭቆ እያጠብኩ እንድቆይ ፈቅደውልኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ዛሬ በዚሁ አውቶቡስ ለዶን አብዶን ለብቻው የጻፍኩት አለ። ከጁን ጀምሮ አውቅ እንደነበር፣ እያወቅሁ እንደፈረምኩ ነው ያለበት። እንዳትከፍተው፣ ከሹፌሩም ላይ እንዳትቀበለው። የማልክልኝን መሐላ ስላፈረስኩብህ ይቅር በለኝ። በእኔ ስም ሌላ ውሸት እንዲጨመር አልፈልግም፤ ለእኔ ተብሎ ቢሆንም።

ሚሬያ

—

ላ ፒንታዳ፣ ዲሴምበር 8 ቀን 1996

ለሚሬያ፣

ሹፌሩ የዶን አብዶንን ፖስታ ይዞ ሲወርድ አጠገቡ ነበርኩ። እጄ ተዘርግቶ ነበር። «ያንተ አይደለም» አለኝና ዞሮ ሄደ። አንቺ ነግረሽው እንደሆነ አላውቅም።

በኋላ በላክሽው ብጣሽ ወረቀት ደብዳቤው ተነበበ ወይ ብለሽኛል። በአዳራሹ በሰው ሁሉ ፊት ተነበበ። ዶን አብዶን መነጽሩን ሁለት ጊዜ ጠረገ። ሲጨርስ አንዱ «ድገመው» አለ፤ ደገመው። ሱኒልዳ ተነስታ «ውሃውን የጠጡት የኔ ፍየሎች ናቸው። ሰው ስትቆጥሩ እኔንም ቁጠሩኝ» ብላ ተቀመጠች። ሰው እየወጣ ሲሄድ ዶን አብዶን ፊቴ መጥቶ ቆመ። «ያን ዕለት እጄን ትከሻህ ላይ አድርጌ ነበር፤ እጄን መልስልኝ» አለኝ። አርባ ዓመት ጓደኛዬ ነው፤ ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ።

እናትሽን ጠይቀሻል። አላለቀሰችም። ቤት ስንገባ ሊጡን ማቡካት ጀመረችና «የምትበላው ዳቦና ሻይ ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። ማቡካቷን ቀጠለች። ከዚያ «መቼ ነው የምትመጣው?» አለች።

አንቺም ለገና ልምጣ ወይ፣ ማንስ ሰላም ይለኛል ብለሽ ጽፈሻል። ከልጅነትሽ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ስትጠይቂኝ የምመልስልሽን ታውቂዋለሽ፤ መንደሩ ሁሉ በዘፈን ይቀበልሻል፣ ውሾቹ በሁለት እግራቸው ይቆማሉ እልሽ ነበር። አሁን ቤቱን አንድ በአንድ በእግሬ ዞሬ ቆጥሬ ነው የምጽፍልሽ።

ከአሥራ ዘጠኙ ቤት ሰባቱ ለወይን ለቀማ ወደ ሸለቆው ወርደዋል። በራቸው ተቸንክሯል፤ የሚመለሱ አይመስለኝም። ከቀሩት አሥራ ሁለቱ አንዱ የእኛ ነው፤ አራቱ መንገድ ላይ ቢያገኙሽ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራሉ። እኔን ሲያዩ እንዲያ ያደርጋሉና አውቀዋለሁ። ሌሎች አራቱ አይሻገሩም፤ ቀናም አይሉም። ከእነዚህ አንዱ ዶን አብዶን ነው። እሱን ከሚሻገሩት ጋር ልቆጥረው ነበር፤ ትናንት በሩ ላይ ቆሞ ሳልፍ አይቶኝ ስላልገባ ወደዚህ አመጣሁት። ከዚያ በላይ ላደርስልሽ አልችልም።

እናትሽንና እኔን ሳልጨምር ሰላም የሚልሽ ቤት ሦስት ነው። ለእናትሽም አራት አላልኳት፤ ሦስት ነው ያልኳት። ሰምታ አልጋሽን ልታነጥፍ ሄደች።

ሩዴሲንዶ